ጥያቄና መልስ፦ ኋላው ዝቅ ያለ ፒካፕና የደንገጎ ቁልቁለት

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት ስለሚሸከሙት ተደራራቢ ቅስት ብረቶች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ።

ከድሬዳዋ፣ ከመጋላ፦ ባሌስትራው ይጮሃል፤ የተቃጠለ ዘይት ብቀባው ችግር አለው?

አለው። ዘይት ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን ጎሚኒዎች ይበላል፤ አቧራ ይዞም በብረቶቹ መሃል እንደ ሞረድ ይፈጫል። በውሃ አጥበህ አድርቀው። ጩኸቱ ካልተወህ ጎሚኒዎቹን ቀይር።

ከሳቢያን፦ ጸሐፊው ወጣት ነው። ከአባቱ የወረሳት በፈረንጅ የ1986 ሞዴል ባለ አንድ ጋቢና ሃይሉክስ አለችው። ኋላዋ በጣም ተነስቷል፣ ሰባት ሳንቲም ያህል ዝቅ ብትል ታምራለች ይላል። ጓደኛው በአክስሉና በባሌስትራው መሃል ብሎክ እንዲያስገባ መከረው፤ ቶርኖ ቤት አሠርቶ ቢያስገባ ጭራሽ ተነሳች። ምኑን ተሳሳትኩ ነው ጥያቄው።

ብሎክ ኋላን የሚያወርደው ባሌስትራው ከአክስሉ ስር በሚያልፍበት መኪና ላይ ነው። ያንተ ሃይሉክስ ባሌስትራ ግን አክስሉ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በመሃላቸው የገባ ነገር ሁሉ ሻንሲውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ባትሪ አብርተህ አንድ ጊዜ ከስር ብታይ ኖሮ የቶርኖ ቤቱ ብር ኪስህ ይቀር ነበር። ብሎኩን ዛሬውኑ አውጣው።

አባትህ የተዉልህ መኪና እንድታምርልህ መፈለግህን አልነቅፍም፣ ይቻላልም። ኋላዋ የተነሳው ባዶዋን ስለምትነዳት ነው፤ የፒካፕ ባሌስትራ ቀስት ሆኖ የሚሠራው ካሶኒው ሲጫን እንዲተኛ ነው። እኔ የምመርጥልህ ባሌስትራውን አስፈትተህ ቅስቱን ያለ እሳት ማስቀነስ ነው። ጥሩ ባለሙያ ብረቶቹን አንድ በአንድ ይለያያቸዋል። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ የድሮውን ቅስትና የሚፈልገውን አዲሱን ጎን ለጎን ያሰምራል። ከዚያ ብረቱን መስፍ ላይ ደፍቶ ከጫፍ ጀምሮ ጣት ጣት እየተራመደ በከባድ መዶሻ ይመታዋል። ሁለት ሦስት ምት፣ ወደ ጠመኔው ወስዶ ማስተያየት፣ እንደገና ምት። ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆኑ ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይግረምህ።

የሚቸኩለው ሰው ኦክስጅን ይለኩሳል። ኦክስጅን ካየህ ባሌስትራህን ይዘህ ውጣ። ያ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ ዘይት ተነክሮ ጠንክሮ፣ እንዳይሰበር ደግሞ በልክ ሞቆ የለዘበ ነው። እሳቱ ቀይ ያደረገበት ቦታ ላይ ያ ሁሉ ሥራ ይጠፋል። ወይ ብረቱ ይሞትና ይተኛል፣ ወይ ውሃ ከተደፋበት እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል።

ከቅስቱ አምስት ሳንቲም ካገኘህ ቀሪውን የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር ከሚያያይዘው ማንጠልጠያ ማግኘት ትችላለህ። ሃይሉክስ ላይ ማንጠልጠያው ከሻንሲው ወደ ታች የተንጠለጠለ ስለሆነ ሲያጥር ኋላው ይወርዳል። ግን አራት ሳንቲም ብታሳጥረው አክስሉ ጋ የሚደርስህ ሁለቱ ብቻ ነው፤ የባሌስትራው የፊት ጫፍ ከቦታው አይነቃነቅማ። ከዚያ በላይ አታሳጥረው፤ ባሌስትራ ሲተኛ ይረዝማል፣ መዘርጊያ ይፈልጋል። አክስሉን ከባሌስትራው በላይ የማዞር ዘዴም አለ፤ ከ12 እስከ 15 ሳንቲም ይጥላል። ታዲያ ሻንሲው አክስሉ በሚያልፍበት በኩል ተቆርጦ በወፍራም ብረት ካልተጠናከረ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጋጫሉ። የደቻቱን ወንዝ ለሚሻገር መኪና አልመክረውም። አንድ ሁለት ብረት አውጥቶ መጣልንም ተወው፤ የወጡትን ሸክም የቀሩት ናቸው የሚሸከሙት። ሲገጠም አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አዲስ ይሁኑ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላም ዳግም አስጠብቃቸው። አሞርዛተሩም ለአዲሱ ቁመት አጠር ያለ ይሁን።

አሁን አንተ ያልጠየቅኸኝን፣ እኔ ግን ሳልነግርህ የማላሳልፈውን ስማኝ። ከኋላ፣ ከዲፈረንሻሉ አካባቢ ተነስቶ ሻንሲው ላይ ወዳለ ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ ፈልግ። ይህ የጭነት ቫልቭ ነው። ካሶኒው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ቫልቩን ያንቀሳቅሰዋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን ግፊቱን ይቀንሳል፤ የባዶ ፒካፕ ኋላ ቀላል ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ሻንሲውን ሰባት ሳንቲም ስታወርደው ቫልቩ ጭነት የተጫነ ይመስለዋል። ለባዶ መኪና የተጫነች መኪና ፍሬን ይሰጣታል።

ሳቢያን ደረቅ አስፋልት ላይ ይህን አታውቀውም። ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደንገጎ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከሐረር ስትመለስ ያን ሁሉ በኩርባ ትወርደዋለህ። ካፊያ ባረጠበው ኩርባ ላይ ፍሬን ስትረግጥ የኋላ ጎማዎች ከፊተኞቹ ቀድመው ይቆለፋሉ፣ ጭራዋም ወደ ገደሉ ይዞራል።

ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ትወላገድብኛለች ተብላ እጄ ላይ የመጣች አንዲት ፒካፕ አለች፣ አልረሳትም። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ላይ መዳፍ የምታክል የተላጠች ቦታ ነበረች፤ ጎማ ተቆልፎ አስፋልት ላይ ሲጎተት የሚተወው ጠባሳ ነው። ከስር ስገባ የቫልቩ ዘንግ ከቦታው ተፈትቶ ሻንሲው ላይ በሽቦ ታስሯል። ኋላዋን ያወረደው ሰው ዘንጉ አልገጥም ሲለው ጠፍሮት ሄዷል፤ ለባለቤቱም አልነገረውም።

ስለዚህ ባሌስትራው እንደገጠመ፣ ወደ ቤት ከመንዳትህ በፊት፣ ቫልቩን በግፊት ጌጅ ለክቶ ወደሚያስተካክል የፍሬን ባለሙያ ውሰዳት። በዓይኑ አይቶ "ደህና ነው" የሚልህ አይሁን። ማንዋሉ ኋላው ላይ ስንት ኪሎ ሲያርፍ ግፊቱ ስንት መድረስ እንዳለበት ይናገራል። ይህን የሚሠራልህ ሰው ካላገኘህ ኋላዋን አታውርዳት። በዚህ አልደራደርም።

ከከዚራ አንዲት እህት፦ ባለቤቴ የፒካፓችንን ኋላ ካስወረደ ወዲህ 60 ስትደርስ ወለሏ ይንቀጠቀጣል፤ ጎሚስታው ባላንስ ቢሠራም አልተወም።

ከጎማው አይመስለኝም፣ እህቴ። ኋላው ሲወርድ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አቅጣጫው ይለወጣል፤ የካርዳኑ፣ ማለትም ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ፣ ሁለት መጋጠሚያዎች (ክሮቸራዎች) እኩል ማዕዘን መሥራታቸውን ሲተዉ መንቀጥቀጥ ይመጣል። በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የሚገባ ስስ የብረት ሽብልቅ ያስተካክለዋል። ማዕዘን መለኪያ ያለው መካኒክ ይሥራው። በግምት የገባ ሽብልቅ ክሮቸራ ይጨርሳል።

ከሐረር፣ ከጀጎል አንድ አባት፦ መኪናዬ ወደ ሾፌሩ በኩል ታዘነብላለች፤ ባሌስትራ ልቀይር?

መጀመሪያ ይለኩ፣ አባቴ። የሁለቱን ወገን ጎማ እኩል ነፍተው ሜዳ ላይ ያቁሟትና ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ይለኩ። ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ከሆነ ይተዉት። ከሁለት ካለፈ ብረቶቹን በሽቦ ቡሩሽ አጽድተው የተሰነጠቀ ይፈልጉ፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በቀጭን የዝገት መስመር ይታወቃል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀትም በሁለቱ ወገን ከተለያየ ብረቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሃል ቡሎን ተበጥሶ አክስሉ ሳይንሸራተት አልቀረም። ያን ጊዜ ሳይነዷት መካኒኩን እርስዎ ጋ ይጥሩት። ቅያሪ ካስፈለገ ጥንድ ይቀይሩ።

ከአወዳይ፦ ጫት እጭናለሁ፤ ኋላዋ እንዳይተኛ ከኢሱዙ ባሌስትራ ሁለት ብረት ልጨምርባት።

አትጨምር። ባሌስትራ ጨመርክ እንጂ አክስሉን፣ ታምቡሩን፣ ጎማውን አልጨመርክም። ከላይ የነገርኩት ቫልቭ ደግሞ እዚህ ተገልብጦ ይመጣብሃል፤ የጠነከረው ባሌስትራ አልተኛ ሲል ቫልቩ መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ይዘህ፣ ቁልቁል፣ አብዛኛው ሸክም የፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ይግላል፣ ይደክማል፣ ፔዳሉ እግርህ ስር ይሰምጣል። ጫት እንደማይጠብቅ አውቃለሁ፣ ሩጫውንም አየዋለሁ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ያህል ጫን፣ የተረፈውን ለሌላ መኪና ስጥ። ወንድሜ፣ የጨመርከው ብረት ካለ ዛሬ አስፈታው።

ያለ አድራሻ የመጣ፦ ኋላውን ባወርድ ቦሎ ይከለክሉኛል? ኢንሹራንሱስ?

ሁለቱንም ከመፍታትህ በፊት ጠይቃቸው።

ከገንደ ቆሬ፦ የጎማ ንፋስ ስንት ልሙላ?

የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ያህል። ጠዋት ሳትንቀሳቀስ ለካው፤ በድሬ እኩለ ቀን የሞቀ ጎማ ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጥህም።