የወንዝ ውሃ ጠባይ በየወቅቱ ሲለወጥ አልጌ መቼና ለምን ይበዛል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ጎርፍ ማዳበሪያና አፈር ጠርጎ ወደ ወንዝ በሚያስገባበት በዝናብ ወቅት አልጌ እምብዛም አይታይም፤ ዝናቡ ካቆመ ከሳምንታት በኋላ ግን ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ አይደለም?

መልስ፦ የተገላቢጦሽ የሚመስለው አልጌን የሚያበዛው ምግብ ብቻ ነው ብለን ስለምንነሳ ነው። በዝናብ ወቅት ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በገፍ ቢገቡም ውሃው ድፍርስ ስለሚሆን ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ተንሳፋፊ አልጌ ሁኔታው ተመችቶት እንኳ ቁጥሩን እጥፍ ለማድረግ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ስለሚፈልግ፣ ወንዙ በፍጥነት የሚወርድ ከሆነ ሳይበዛ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ድንጋይ ላይ የሚጣበቀውን ደግሞ ጎርፉ የተሸከመው አሸዋና ጠጠር ይፍቀዋል። ዝናቡ ሲያበቃ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ውሃው ይጠራል፣ ፍሰቱም ይዘገያል፤ ቀድሞ የገባው ንጥረ ነገር ሥራውን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ከናይትሮጂንና ከፎስፈረስ የትኛውን መቆጣጠር ይሻላል?

መልስ፦ አልጌ በአማካይ ለ1 የፎስፈረስ አቶም 16 የናይትሮጂን አቶሞች ይፈልጋል፤ በወንዞችና በሐይቆች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጥረው ፎስፈረስ ስለሆነ ከእርሱ መጀመር ተገቢ ይመስለኛል። ሆኖም የዓመቱን ጠቅላላ መጠን ብቻ መመልከት ያሳስታል። በደረቅ ወቅት ከፍሳሽ ቱቦ የሚገባው ፎስፈረስ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም የሚያቀጥነው ውሃ ስለሌለ፣ በጎርፍ ጊዜ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ከሚያልፈው ይልቅ ለአልጌው ቅርብ ነው።

ጥያቄ፦ ዝርያዎቹም ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣሉ?

መልስ፦ አዎን። ውሃው ቀዝቀዝ ሲልና ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ሲኖረው ዳያተሞች (ቅርፊታቸውን ከሲሊካ የሚሠሩ ደቂቅ አልጌዎች) ያይላሉ፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍና ፍሰቱ ሲሞት ሳይኖባክቴሪያ (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ባክቴሪያ) ቦታውን ይወስዳል። በአውስትራሊያ የዳርሊንግ ወንዝ በ1991 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በሳይኖባክቴሪያ የተሸፈነው ፍሰቱ እጅግ በቀነሰበት ጊዜ ነበር።

ጥያቄ፦ እኩለ ቀን ላይ የለካሁት ኦክስጅን ከፍተኛ ነበር፤ በማግስቱ ማለዳ ግን ዓሦች ሞተው አገኘሁ። መለኪያዬ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ መለኪያው ሳይሆን ሰዓቱ ይመስለኛል። አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን እርሱም የሚበሰብሰው ቅሪቱም ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሙቀቱም ያባብሰዋል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ንጹሕ ውሃ ከአየር ጋር ሲመጣጠን በ20 ዲግሪ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ግን 7.6 ብቻ ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ደግመው ይለኩ።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ የሆነውን ውሃ አፍልቶ መጠጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ማይክሮሲስቲን የተባለው የሳይኖባክቴሪያ መርዝ በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ሕዋሳቱ ሲፈነዱ በውስጣቸው የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይለቀቃል።