ድባቴ የእምነት ማነስ ነውን?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትቷል። ሐኪም ድባቴ መሆኑን ነግሮት መድኃኒት አዘዘለት፤ ዘመዶቻችን ግን እምነቱ ስለላላ ነውና ጠበል ብቻ ይበቃዋል ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ወንድምዎ ታመመ እንጂ እምነቱን አልጣለም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ጸሎቱ በእሳት ከተመለሰለት በኋላ ኤልዛቤልን ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በመልአኩ እጅ የላከለት ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶም ተኛ፣ ዳግመኛም በላ (1ኛ ነገሥት 19)። የደከመ ሥጋ አስቀድሞ ዕረፍትና ምግብ እንደሚያሻው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ጠበሉን ይጠመቅ፤ ነገር ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ «አልረዳኝም» ብሎ በራሱ ፈቃድ እንዳይተወው ከጎኑ ይሁኑ። መጸለይ ሲያቅተው እርስዎ ይጸልዩለት እንጂ «ለምን አትጸልይም?» እያሉ አይውቀሱት።

ስለ ሞት ያስብ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅዎ ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎን» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል በዚያው ዕለት ይውሰዱት።