«የቱን ልጀምር?» የፒያኖ ጥያቄዎቻችሁ

የፒያኖ ጥያቄ ሲጠራቀምብኝ ከረመ። አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ መጽሐፍ ይሻላል ወይስ ዩቲዩብ፣ ኖታ ልማር ወይስ በጆሮዬ ልቀጥል። እኔ ራሴ በአንድ ዓመት ሦስት የጀማሪ መጽሐፍ ገዝቼ አንዱንም ከሃያኛው ገጽ ያላሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ ተቃጠለ ሰው ስሙኝ።

«62 ዓመቴ ነው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ አምጥቶልኛል። በዚህ ዕድሜ ጣት ይታዘዛል? ከየትስ ልጀምር?» (ከባሕር ዳር)

ጋሼ፣ ይታዘዛል። የሕፃን ጣት ያህል ቶሎ ላይፈታ ይችላል፤ ግን እርስዎ ምን መጫወት እንደሚፈልጉ ያውቃሉ፣ ሕፃኑ አያውቅም። ለትልቅ ሰው የተዘጋጀ መጽሐፍ ይያዙ። የልጆቹ፣ ጥንቸሉና ዳክዬው፣ በሦስተኛው ቀን ያሰለችዎታል። ሲገዙ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገለጥ አድርገው ይዩ። አንዳንዱ መጽሐፍ ሁለቱን አውራ ጣቶች መሃል ዶ ላይ (ከቁልፎቹ መሃል አካባቢ ባለችው ዶ) ያስቀምጥና ከዚያ ሳይነቃነቁ ብዙ ገጽ ያስኬዳል። ቀላል ነው፤ ግን ሰው ኖታውን ሳይሆን የጣት ቁጥሩን እያነበበ ይለምዳል፣ እጁን ካስነሱት ይጠፋበታል። ሌላው ጥቂት ኖታዎችን እንደ ምልክት አስይዞ የቀረውን ከእነሱ እየቆጠሩ እንዲያገኙ ያደርጋል። ለእርስዎ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፣ 52 ነጭና 36 ጥቁር። 61ዱ ለጅማሬ አያንስዎትም። ይልቅ አንድ ነገር ይሞክሩ፤ ቁልፉን ቀስ ብለው ሲነኩትና ጠንከር አድርገው ሲመቱት ድምፁ ይለያያል? ካልተለያየ ቆይተው ይቀይሩታል፤ ፒያኖ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከጣሊያንኛው «ለስላሳና ጠንካራ» ነው። በተረፈ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። እሑድን ጠብቆ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ወገብ ከማሳመም በቀር ብዙ አይጠቅምም።

«ቸርች ኪቦርድ ስጫወት ስምንት ዓመቴ። ኖታ አላውቅም። ሁሉንም በሲ ሜጀር ነው የምጫወተው፣ ዘማሪው ከፍ ሲል ትራንስፖዝ (የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ) እነካለሁ። አሁን በሥርዓቱ መማር ፈልጌ ነበር፤ ከዜሮ መጀመር ግን ሞት መሰለኝ።» (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። በጣም ጎበዝ የሆነ ጓደኛዬ አንድ ሆቴል ውስጥ እውነተኛ ፒያኖ ላይ አስቀመጡትና ትራንስፖዟን ሲፈልግ አመሸ።

ከዜሮ አትጀምርም። ጆሮህ ተሠርቷል፣ ብዙ ኖታ አንባቢ የሚቀናበት ጆሮ ነው። ችግሩ ይኸው ጆሮህ ያታልልሃል። የጀማሪ መጽሐፍ ስትከፍት ዜማውን ካወቅከው ገጹን ሳታነብ ትጫወተዋለህ፣ ያነበብክም ይመስልሃል። ስለዚህ ለንባብ የማታውቃቸውን ዜማዎች ብቻ ምረጥ፣ በጣም ቀላል ይሁኑ፣ በቀን አሥር ደቂቃ። ቢያሳፍርህም ቻለው።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። በደንብ የምታውቀውን አንድ መዝሙር ያዝ፣ ትራንስፖዙን አጥፋ፣ አንድ ሳምንት በሶል ተጫወተው፣ የሚቀጥለውን በፋ፣ ከዚያ በሬ። (በነገራችን ላይ አንተ «ሲ» የምትለው በዶ ሬ ሚ አጠራር ዶ ነው፤ የዶ ሬ ሚዋ ሲ ሌላ ናት። ይህች አንዲት ስም ስንቱን እንዳሳሳተች! እኔ እዚህ በዶ ሬ ሚ ነው የምጽፈው።) ኮርዶቹን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) በስም ሳይሆን ከመነሻው ድምፅ እየቆጠርክ በቁጥር ያዛቸው። አንድ፣ አራት፣ አምስትና ስድስት በዶ ሲሆኑ ዶ፣ ፋ፣ ሶልና ላ ማይነር ናቸው፤ በሶል ሲሆኑ ሶል፣ ዶ፣ ሬና ሚ ማይነር። ቁጥሩ ከገባህ መዝሙሩን ከሌላ መነሻ ድምፅ መጫወት ያን ያህል አያስፈራም። መምህር ለዓመት መቅጠር ካልቻልክ ለአንድ ወር ያዝ፣ ጣትህን ብቻ እንዲያርምልህ። በራሱ የተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣቱን አየር ላይ ትቶት ነው የሚጫወተው፤ በዶ ስኬል (ከዶ ተነስቶ በተርታ ሲወጣ) ግን የቀኝ አውራ ጣት ከመሃል ጣት ቀጥሎ ከሥር ማለፍ አለበት። ይህን ከዩቲዩብ አይተህ ታውቀዋለህ፤ ስታጠፋ የሚነግርህ ግን ሰው ነው።

«ልጄ 5 ዓመቷ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያገኘኋት መምህርት በሱዙኪ ነው የማስተምረው፣ አንቺም አብረሽ ትገቢያለሽ አለችኝ። እኔ ሙዚቃ የሚባል አላውቅም። ሌላ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ሱዙኪ ጃፓናዊ የቫዮሊን መምህር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅ ማንበብ ሳይችል የእናቱን ቋንቋ ሰምቶ ይናገራል፣ ሙዚቃንም እንደዚያ ይያዘው፣ ንባቡ ይደርሳል። ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ የቆሎ ተማሪም ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ነው የሚያጠናው። አንቺ ሙዚቃ ማወቅ አይጠበቅብሽም። ጊዜ ግን ይጠበቅብሻል፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ አጠገቧ የምትቀመጪው፣ የዜማዎቹን ቅጂ የምታሰሚያት አንቺ ነሽ። ሁለት ሥራ የምትሠሪ ከሆነ ራስሽን አታታልዪ፣ ወላጅ የማይፈልግ መምህር ያዢ። ከመወሰንሽ በፊት መምህርቷን «ንባብ መቼ ትጀምራለች?» በያት። የሱዙኪ ልጆች የሚታሙት በንባብ መዘግየት ነው፤ መልሷ ጭልጥ ያለ «ይደርሳል» ከሆነ ቅር ይበልሽ።

«ትዝታን በፒያኖ መጫወት ነው ሕልሜ። የገዛሁት መጽሐፍ ውስጥ ግን ያለው የፈረንጅ የገና መዝሙር ነው። ለእኛ ሙዚቃ የሚሆን ዘዴ የለም?» (ከደሴ)

መጽሐፉን አትጣለው። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ነው የተማረው። የፈረንጁ ትምህርት እጃቸውን ሠራላቸው እንጂ ቅኝታቸውን አልወሰደባቸውም።

ዛሬ ማታ ይህን ሞክር። ጥቁር ቁልፎችን ብቻ ንካ፤ ሦስት ሆነው ከተደረደሩት የመጀመሪያዋን መነሻ አድርግና ወደ ላይ ውጣ። ትዝታ ነው! በነጩ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ (በስተግራቸው ወዳለው ጥቁር ቁልፍ) ዝቅ ስታደርጋቸው ወደ ማይነሩ ትዝታ ትገባለህ፣ ያ ሆድ የሚያባባው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ከሚ ተነስተህ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አሁን እነዚያኑ አምስት ነጮች ከላ ጀምራቸው፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ ማይነር ትዝታ ሆኑልህ። ድምፆቹ አልተለወጡም፣ ዜማው የሚያርፍበት ቤት ነው የተለወጠው። እኔ ይህን ሳገኝ አንድ ሙሉ ምሽት ሌላ ነገር አልነካሁም። አንቺሆዬን ለጊዜው አቆያት፣ አስቸጋሪ ናት።

ግራ እጅህ ላይ ተጠንቀቅ። መጽሐፉ ያስተማረህን ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ ከእያንዳንዱ ኖታ ሥር ከደረደርክ ትዝታህ ፈረንጅ ይሆናል። መነሻዋን ድምፅ ብቻ፣ አንዳንዴም አምስተኛዋን (ከዶ ከተነሳህ ሶልን) ጨምረህ፣ እንደ በገና ዝቅ አድርገህ ያዝ። ዘፋኙ የሚስባትን ድምፅ ፒያኖ መሳብ አይችልም፤ ከጎኗ ያለችውን ቁልፍ ቶሎ ነክተህ ወደ እሷ ውረድ።

«ቀለም ከላይ እየወረደ ቁልፉን የሚያሳየው አፕስ?»

አንድ ዘፈን ቶሎ ያስይዝሃል። አንጓህ መገተሩን ግን አያይም። ስልኩን ዝጋና ተጫወት፤ ካልቻልክ የያዝከው ጌሙን ነው።

«ጓደኛዬ የሃኖንን የጣት ማፍታቻ ልምምዶች በቀን አንድ ሰዓት ካልመታህ ጣትህ አይፈታም አለኝ።»

የሃኖን 60 ልምምዶች በ1873 ነው የታተሙት፣ ሰው እስካሁን ይጣላባቸዋል። አምስት ደቂቃ፣ ቀስ ብለህ፣ እየሰማህ። ካመመህ አቁም፤ ሕመም ጉብዝና አይደለም። የቀረውን 55 ደቂቃ ሙዚቃ ተጫወትበት።

«ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ማታ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ፤ ጎረቤቶቼስ?» (ከአያት)

ኢሌክትሪክ ፒያኖ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ሰኪ። ግን አንቺ ባይሰማሽም የቁልፉ ዱብ ዱብ በወለሉ አልፎ ታች ይደርሳል። ከማቆሚያው እግር ሥር ወፍራም ምንጣፍ አጥፈሽ አንጥፊ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ምንጣፉም አያድንሽም።