መስመሩ አራት ቀን ተቋርጦ ሲመለስ ማስተላለፊያው ለምን አልነሳም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነው። ከገበሬ የምንገዛውን በቆሎ የምንመዘግበው አንድ ሰርቨር ላይ ባለ ሞንጎዲቢ በሚባል ዳታቤዝ ነው። ባሕር ዳር ያለው ዋናው ቢሯችን ዳታው እንደገባ ወደ ራሱ ዳታቤዝ፣ ወደ ፖስትግሬስ፣ እንዲደርስለት ስለፈለገ ሰርቨሩን ባለ አንድ አባል ሬፕሊካ ሴት (ለውጡን እየመዘገበ ለቅጂዎች የሚያካፍል የሰርቨሮች ቡድን) አደረግነውና እነሱ ዘንድ ዴቤዚየም የሚባለው ማስተላለፊያ፣ ለውጡን እያነበበ ወደ ሌላ ዳታቤዝ የሚልክ ፕሮግራም፣ ተተከለ። ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ የኢንተርኔት መስመሩ አራት ቀን ተቋረጠ፤ እኛ በጄኔሬተር መመዘኑንም መመዝገቡንም አላቆምንም። መስመሩ ሲመለስ ስህተት ቁጥር 286 እያለ አልነሳ አለ። ዳታችን ጠፋ? ሁሉንም ከዜሮ መገልበጥ አለብን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ዳታሽ አልጠፋም፤ ፍኖተ ሰላም ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። የጠፋው የለውጡ ታሪክ ነው። ከዜሮ መገልበጡ ግን አይቀርልሽም።

ሞንጎዲቢ የሚያደርገውን እያንዳንዱን ለውጥ ኦፕሎግ በሚባል መዝገብ ይጽፋል። ዴቤዚየም በቼንጅ ስትሪም (ለውጥ ሲደረግ በሚያሳውቀው የሞንጎዲቢ አገልግሎት) በኩል የሚያነበው ይህንኑ ነው፤ የት እንደደረሰም ምልክት ይይዛል። ኦፕሎጉ መጠኑ የተወሰነ ነው። እንደ ጎታ አስቢው፤ ከሞላ በኋላ ከላይ አዲስ ሲጨመር የቆየው ከሥር ይወጣል። እናንተ አራት ቀን ስትመዘግቡ ዴቤዚየም ያቆመበት ቦታ ከጎታው ወጥቷል። 286 የሚለው ይህንን ነው።

እንደገና ከመገልበጥሽ በፊት አንድ ነገር አደራ። በእነዚያ አራት ቀናት የተሰረዘ መዝገብ ካለ፣ አዲሱ ግልባጭ መሰረዙን ለባሕር ዳሩ ፖስትግሬስ አይነግረውም። ያለውን ብቻ ያመጣል፤ የተሰረዘው ባሕር ዳር ላይ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ወይ የፖስትግሬሱን ሠንጠረዥ ባዶ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ወይ ከግልባጩ በኋላ የሁለቱንም ወገን መለያ ቁጥሮች አነጻጽራችሁ ትርፉን አውጡ። ይህ ሲዘነጋ ከገበሬው ያልተገዛ በቆሎ ተቆጥሮ ሪፖርት ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ኦፕሎጉ ልመለስ፤ ዋናው ሕመም እሱ ነው። መጠኑን ራስሽ ካልወሰንሽ ሞንጎዲቢ ከዲስኩ ባዶ ቦታ 5 በመቶውን ይወስዳል፤ ከ990 ሜጋባይት አያንስም፣ ከ50 ጊጋባይት አይበልጥም። በትንሽ ሰርቨር ላይ ይህ እጅግ ጠባብ ሊሆን ይችላል። የሞንጎ ሼሉን ክፈቺና «አርኤስ» ብለሽ ነጥብ አድርገሽ «ፕሪንት ሬፕሊኬሽን ኢንፎ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጪ። ኦፕሎጉ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መዝገብ መካከልም ስንት ሰዓት እንዳለ ይነግርሻል። ያ የሰዓት ቁጥር የዕረፍት ጊዜሽ ነው፤ መስመሩ ከዚያ በላይ ከተቋረጠ ማስተላለፊያው አይነሳም።

ቁጥሩን በክረምት አትለኪው። ሐምሌ ላይ ሚዛኑ ሥራ ሲፈታ ያው ኦፕሎግ የብዙ ሳምንት ታሪክ ይይዛል፤ ጥር ላይ ገበሬው በቆሎውን ጭኖ ሲሰለፍ የአንድ ቀን ተኩል ብቻ ሊይዝ ይችላል። ለኪው በግዢው ወቅት፣ ሥራ በበዛበት ሰዓት። ለምሳሌ በዚያ ወቅት በሰዓት 100 ሜጋባይት ቢጻፍ፣ አራት ቀን ተቋርጦብሻልና እጥፉን ስምንት ቀን እንያዝ፤ 192 ሰዓት፣ 19,200 ሜጋባይት፣ ማለትም ወደ 19 ጊጋባይት ነው። መጠኑን «ሬፕል ሴት ሪሳይዝ ኦፕሎግ» በሚለው ትዕዛዝ ሰርቨሩን ሳታጠፊ መቀየር ትችያለሽ። ከሞንጎዲቢ ስሪት 4.4 ጀምሮ ደግሞ «ይህን ያህል ሰዓት ያልሞላውን መዝገብ አትጣል» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ እሱን ከተጠቀምሽ ግን ኦፕሎጉ ከወሰንሽለት መጠን አልፎ ሊያድግ ስለሚችል ዲስኩን ጠብቂ።

ኦፕሎጉን ከማስፋትሽ በፊት ግን በምን እንደሚሞላ እዪ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በየሌሊቱ የሚሮጥ አንድ ስክሪፕት ነው። የሁሉንም ገበሬ ዋጋ «ያድሳል»፤ በአንድ ትዕዛዝ 80,000 ሰነድ ሲነካ ኦፕሎጉ ውስጥ የሚገባው 80,000 መዝገብ ነው። ዋጋው ባይለወጥ ሞንጎዲቢ ራሱ ምንም አይጽፍም ነበር፤ ስክሪፕቱ ግን እያንዳንዱ ሰነድ ላይ «የታደሰበት ሰዓት» ስለሚያትም ሁሉም እንደ ተለወጠ ይቆጠራል። ዋጋው የተለወጠውን ብቻ እንዲነካ አድርጊው።

ቀጥሎ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ የእኛ ሰው ብቻ የሚያውቀው ችግር ነውና። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ ድርጅት ስሠራ ማስተላለፊያው ጳጉሜን 1 ላይ ቆመ። ፕሮግራሙ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንደ ጽሑፍ ያስቀምጥ ነበር፤ ፖስትግሬስ 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምት 30ም «02-30» ሆኖ ሲደርሰው አልቀበልም ይላል። እነዚህስ ደግ ናቸው፣ ይጮኻሉ። የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 «2016-01-01» ተብሎ ሲሄድ ፖስትግሬስ እንደ ጃንዋሪ 1 ያነበዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ! ሞንጎዲቢ ውስጥ ቀኑ በራሱ የቀን ዓይነት ይቀመጥ፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ከጎኑ እንደ ጽሑፍ ያዢው። የስልክ ቁጥርም ጽሑፍ ይሁን፤ እንደ ቁጥር ከተቀመጠ የፊቱ ዜሮ ይበላል። ኩንታል ደግሞ ሁልጊዜ ቁጥር ይሁን፤ አንዱ ሰነድ ላይ ቁጥር፣ ሌላው ላይ ጽሑፍ ከሆነ መድረሻው ላይ ይጋጫል።

መሰረዝን በተመለከተ፣ የመሰረዝ መልእክቱ የሰነዱን መለያ ብቻ ይዞ ነው የሚሄድ። ባሕር ዳር ያሉት የተሰረዘው የማን ግዢ እንደነበር ማወቅ ከፈለጉ፣ በሞንጎዲቢ ስሪት 6.0ና ከዚያ በላይ የቀድሞውን ሰነድ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዲስክ ግን ይበላል። እኔ የምመርጠው መዝገቡን ሳይሰርዙ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ማድረግን ነው።

ለማስተላለፊያው የራሱ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ያለው ተጠቃሚ ክፈቺለት፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አትስጪ። የዴቤዚየምን ሀርትቢትም (የደረሰበትን ምልክት በየጊዜው የሚያድሰውን መልእክት) አብሩት፤ ሲተከል ጠፍቶ ነው የሚመጣው። እሱ ከሌለ የምትከታተሉት ስብስብ (ኮሌክሽን) ዝም ባለበት ሌሎች ስብስቦች ላይ ሲጻፍ ምልክቱ ያረጃል፤ መስመር ሳይቋረጥም 286 ሊመጣ ይችላል። ደግሞም ባለ አንድ አባል ሬፕሊካ ሴት ቅጂ የለውም። ዲስኩ ከተበላሸ ሁሉም ይሄዳል፤ መጠባበቂያውን በየቀኑ ማውጣት አትተዪ።

ግልባጩን እሑድ፣ ሚዛን በሌለበት ጀምሩት። ገልብጦ የሚጨርስበት ሰዓት ከኦፕሎጉ ሰዓት ማነስ አለበት፤ ካልሆነ ሲጨርስ ያንኑ 286 ያገኛል። ከተስተካከለ በኋላ አንድ ቀን መስመሩን ሆን ብለሽ ለስድስት ሰዓት ንቀዪው፤ እየመዘገባችሁ ቆዩ፣ መልሺው፣ የሁለቱን ወገን የሰነድ ብዛት አነጻጽሪ። ልዩነት ካየሽ ያንን የኦፕሎጉን የሰዓት ቁጥርና የሞንጎዲቢሽን ስሪት ጨምረሽ ጻፊልኝ።