አባቴ ፊልሙን ሳይጨርሱ ተነስተው ወጡ

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ወሬያችን «በላህ?» እና «መብራቱን አጥፋ» ከሚለው አያልፍም። ታናሽ ወንድሜ ከዱባይ ሲደውል ግን ሳቃቸው ግቢ ድረስ ይሰማል። እኔና እሳቸውን የሚያገናኘን የእሑድ ማታ የወንጀል ፊልም ነው፤ እኔ እያስተረጎምኩላቸው እናያለን። ባለፈው «ሮድ ቱ ፐርዲሽን»ን ከፍተን፣ ልጁ አባቱን «ወንድሜን ከእኔ አስበልጠህ ትወደው ነበር?» ሲለው አባቴ ብድግ ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። እኔም ይህንኑ ብጠይቃቸው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጠይቀሃቸዋል እኮ! ያንን ጥያቄ የሰሙት ከፊልሙ ልጅ ሳይሆን አጠገባቸው ከተቀመጠው ከገዛ ልጃቸው አፍ ነው። ለምን እንደወጡ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ብቻ ነገሩ ያልነካው ሰው ሻዩን ፉት እያለ ማየቱን ይቀጥላል።

የሚያሳዝነው መልሱን ሳይሰሙ መውጣታቸው ነው። ቶም ሀንክስ የሚጫወተው ሱሊቫን ለአለቃው ሰው የሚገድል ሰው ነው፤ ሚስቱና ትንሹ ልጁ ተገድለውበት ከትልቁ ጋር ሲሸሽ ነው ጥያቄው የሚመጣበት። «ሁለታችሁንም እኩል ነው የምወዳችሁ» ይላል መጀመሪያ። ልጁ ግን አይለቀውም፤ ከእኔ ጋር የተለየህ ነበርክ ይለዋል። ያኔ ነው እውነቱ የሚወጣው፦ አንተ እኔን ትመስላለህ፣ እኔን እንድትመስል ደግሞ አልፈለግኩም። አባትህም የሚርቁህ በዚህ ነው አልልህም። ግን ራሱን ባየበት ልጅ ላይ ጠንከር የሚል አባት ብዙ አይቻለሁ።

ፊልሙ ውስጥ ሌላም ልጅ አለ። ፖል ኒውማን የሚጫወተው ሽማግሌው አለቃ ሩኒ፣ ሱሊቫንን እንደ ልጁ ነው ያሳደገው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፒያኖ ሲጫወቱ የሥጋ ልጁ ኮነር ዳር ቆሞ ያያቸዋል። ደብዳቤህን ሳነብ የመጣብኝ እሱ ነው፣ አትቀየመኝ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን ሩኒ የቆመው ከኮነር ጎን ነው፤ ያውም ጥፋቱን እያወቀ።

ሳቅ ብቻውን የፍቅር ሚዛን አይሆንም። በስልክ የሚመጣ ልጅ እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ይሳቃል፣ ስለ መብራት የሚወራው ከቤት ሰው ጋር ነው።

ስለዚህ «ማንን ይወዳሉ?» አትበላቸው። «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ» ብለው ይዘጉታል፤ ሌላ ምን ይበሉ? ይልቅ ከራሳቸው ታሪክ ጀምር። «ከጅቡቲ ሲመለሱ እኔ እሮጥልዎት ነበር ወይስ እደበቅዎት ነበር?» በላቸው። ስንት ቀን መንገድ ላይ እንደሚያድሩ፣ ወንድምህ ሲወለድ የት እንደነበሩ ጠይቃቸው። ያንተን ልጅነት መንገድ ወስዶባቸው ከሆነ እሳቸውም ይቆጫቸው ይሆናል፤ ማን ጠየቃቸው? ፊት ለፊት አስቀምጠህ ግን አይሁን። ብዙ ወንዶች ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ሲሆን ነው የሚናገሩት፤ ቴሌቪዥን ላይ ወይም መንገድ ላይ። ሹፌር ናቸው፣ መኪና ካገኘህ እሳቸው ይንዱ።

ፊልሙንም ካቆሙበት ልቀጥልልዎት በላቸው። እሺ ካሉ የአባትየውን መልስ እንዳለ አስተርጉምላቸው፤ ፊታቸውን አትይ፣ «ሰሙ?» አትበል። እምቢ ካሉ ሌላ ፊልም ክፈት።

ስድብ ወይም ዱላ ካለበት፣ ወይም ነገሩ እንቅልፍ እየነሳህ ከሆነ በአካል ባለሙያ አነጋግር፤ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

አንድ ያልጻፍክልኝ ነገር አለ፦ ወንድምህ ሲደውል አንተ የት ነህ? ክፍልህ ገብተህ በር የምትዘጋ ከሆነ በሚቀጥለው አትግባ። ስፒከር ላይ ያድርጉት በላቸውና አብረህ ተቀመጥ።