ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጉልበቴን እያመመኝና ግፊት እያለብኝ የባር ስፖርት መጀመር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባር ወደሚባለው፣ የባሌት ዳንሰኞች የሚደገፉትን አግዳሚ ይዘው ወደሚሠሩት የስፖርት ክላስ አብረን እንሂድ ብላኛለች። ለደም ግፊት በየቀኑ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም እወስዳለሁ፤ ቤት ስለካው 130/82 አካባቢ ነው። ደረጃ ስወርድ የቀኝ ጉልበቴን ከፊት ለፊቱ ያመኛል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ቦርጬንስ ያጠፋልኛል?

መልስ፦ ይሂዱ። ግፊትዎ በመድኃኒት ተይዟል፤ ጉልበትዎም ካላበጠና እየከዳዎት ካልሆነ፣ እንዲህ ያለው ሕመም ስፖርቱን በልክ ይሥሩት የሚል እንጂ ይተዉት የሚል አይደለም። ልኩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ አለበት።

ክላሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ማሟሟቂያ አለ፤ ከዚያ ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ በሚመዝን ዳምቤል ክንድ ይሠራል፤ ቀጥሎ አግዳሚውን ይዞ የጭንና የመቀመጫ ሥራ ይመጣል፤ በመጨረሻ ምንጣፍ ላይ ሆድ ተሠርቶ ሰውነት ይፍታታል። ይህን አሠራር የጀመረችው ሎተ በርክ የምትባል፣ ጀርመን የተወለደች ዳንሰኛ ናት፤ ጀርባዋ ከተጎዳ በኋላ በ1959 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተች። ዝላይ እምብዛም ስለሌለው ለመገጣጠሚያ ይመቻል። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፦ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ቆሞ፣ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ማለት። ጡንቻው ለአፍታም ስለማይፈታ ያቃጥላል፣ ይንቀጠቀጣል። ጭንዎ ሲንቀጠቀጥ አይደንግጡ፤ የደከሙትን የጡንቻ ክሮች ሌሎቹ እየተኩ ሲሠሩ የሚመጣ ነው። ራስ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የልብ ምት መዛባት ከታከለበት ግን ድካም ብቻ ነው ብለው አይለፉት፤ ወዲያው ቁጭ ይበሉ።

ለእርስዎ ትልቁ ቁም ነገር ትንፋሽ ነው። ጡንቻ ሳይፈታ ተጨብጦ ሲቆይ በውስጡ ያሉትን የደም ሥሮች ይጫናቸዋል፤ ልብም ደም ለማድረስ ግፊቱን ከፍ ታደርጋለች። በዚያ ላይ ትንፋሽ ከተያዘ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ በጣም ይወጣል። ሰው ደግሞ ሲከብደው ሳያውቀው ነው ትንፋሹን የሚይዘው። ስለዚህ ድምፅዎ ለራስዎ እንዲሰማ አድርገው ይቁጠሩ፤ እየቆጠሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም። መቁጠር ካቃተዎት ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እግርዎን ያራግፉ፣ ከዚያ ይመለሱ። መድኃኒቱን በተለመደው ሰዓት ይውሰዱ፤ ስፖርት ስላለ ብለው አይዝለሉት። ከምንጣፉ ሲነሱ መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቁጭ ይበሉ፤ ከተኙበት ድንገት ብድግ ማለት የግፊት መድኃኒት የሚወስድን ሰው ሊያዞር ይችላል። ጠዋት የለኩት ግፊት 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የዚያን ቀን አይሠሩም፤ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ። ከዚህ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለ 911 ነው የሚደወለው።

ወደ ጉልበትዎ ስንመጣ፦ ደረጃ ሲወርዱ ከፊት ለፊት የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ ችግሩ የጉልበት ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር እዚያ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ፕሊዬ የሚባለውን ጉልበት የማጠፍ እንቅስቃሴ ሲሠሩ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ከሚወርዱት ከግማሽ በላይ አይውረዱ። ተረከዝ ገጥሞ ጣቶች ወደ ውጭ የሚከፈቱበት አቋቋም ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዞር ያለበት ከዳሌ ነው። ዳሌ እምቢ ሲል እግር ብቻውን ከተከፈተ ቅልጥም ተጣሞ ጉልበት በውስጥ ጎኑ ይታመማል። በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል አንድ ጭብጥ የሚያህል ክፍተት ለጀማሪ ይበቃል። ወደ ታች ሲያዩ የጉልበትዎ ሎሚ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ካለው ጣት ትይዩ መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ የእግር ጣቶችዎን ጠበብ ያድርጉ።

አግዳሚውን በጣት ጫፍ ያህል ይንኩት እንጂ አይንጠልጠሉበት፤ ከተንጠለጠሉ ሥራው ከጭን ወጥቶ ወደ ትከሻና አንገት ይሄዳል። አሰልጣኟ ዳሌን ወደ ፊት እጠፉ ስትል፣ የታችኛውን ሆድ ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ብቻ በቂ ነው። ቀን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ወገቡን አጥብቆ ሲያጎብጥ የዲስክ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። በእግር ጣት መቆሙ ተረከዝዎን ከኋላ ካሳመመዎት እግርዎን መሬት አስነክተው ይሥሩ፤ የሚያጎድልብዎት ነገር የለም። ለመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ቀድመው ደርሰው ስለ ጉልበትዎና ስለ ግፊትዎ ለአሰልጣኟ በግልጽ ይንገሯት፤ ማፈር አያስፈልግም፣ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቀለል ያለ አማራጭ አላት። ከሥሩ የሚይዝ ላስቲክ ያለው ካልሲ ያድርጉ፤ ተራ ካልሲ ያንሸራትታል።

ከክላሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ፣ ውኃ ይጠጡ። የጾም ወቅት ከሆነና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም የማይቀምሱ ከሆነ፣ ክላሱን ከተመገቡ በኋላ ወዳለው ምሽት ያዙሩት። በባዶ ሆድ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ወስደው እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ሊጥልዎ ይችላል።

በማግስቱ ጭንዎና መቀመጫዎ ይታሰራሉ፤ ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠነክርና ከዚያ ይለቃል። ቀስ ብሎ መራመድ ያፍታታል። እንደ ልማድ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይዋጡ፤ ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ። ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አሜሪካ አሴታሚኖፌን ወይም ታይለኖል ተብሎ ይሸጣል። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ወይም ጡንቻው አብጦ መታጠፍ ካቃተው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ጡንቻ ከልክ በላይ ተጎድቶ ኩላሊትን የሚያሰጋበት ሁኔታ ነው።

ስለ ቦርጭ እውነቱን ልንገርዎ። ሆድን በማሠራት የሆድ ስብ ተለይቶ አይጠፋም፤ የሆድ ጡንቻ ይጠነክራል፣ አቋቋም ይስተካከላል፣ ስብ ግን የሚቀንሰው ከመላ ሰውነት ነው፣ ያም በአመጋገብና በጠቅላላ እንቅስቃሴ። ባር ብቻውን ለልብ በቂ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ክላስ፣ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ቀን አሳርፈው፣ በቀሩት ቀናት ፈጠን ያለ የ30 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጨምሩ። ጉልበትዎ በክላሱ ማግስት ካበጠ፣ ከቆለፈ ወይም ደረጃ ላይ የነበረው ሕመም በአንድ ወር ውስጥ ከባሰ ክላሱን አቁመው ይታዩ፤ ፊዚዮቴራፒስት የዳሌንና የጭንን ጡንቻ ለይቶ የሚያጠነክር ፕሮግራም ያወጣልዎታል።