«ደህና ዋሉ» ወይስ «ደህና ይዋሉ»?

ጥያቄ፦ ከጎረቤት አገር መጥቼ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛ የምለምደው ከተከራየሁበት ግቢና ከገበያ ነው። አንድ ጠዋት ወደ ክፍል ስወጣ አከራዬን «እማማ፣ ደህና ይሰንብቱ» ብላቸው ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?» አሉኝ። ሌላ ቀን «ደህና ዋሉ» ስላቸው ልጃቸው «ደህና ይዋሉ ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። ማታ ግን «እንዴት ዋሉ» ስላቸው ማንም አያርመኝም። አንዱ «ዋሉ» ልክ ሆኖ ሌላው የሚሳሳተው ለምንድን ነው? እንዲህ ያሉትን አባባሎችስ እንዴት ልያዛቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ስሕተቶች ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። የአማርኛ ሰላምታ ወደ ኋላ ያያል፣ ስንብቱ ወደ ፊት። ሰው ስናገኝ ከተለያየን ወዲህ ያለፈውን ጊዜ እንጠይቃለን፤ ስንለይ ደግሞ እስክንገናኝ ላለው ጊዜ ደህንነት እንመኛለን። ለዚህ ነው በአንድ ጠዋት፣ በአንድ በር «እንዴት አደሩ» ብለህ ገብተህ «ደህና ይዋሉ» ብለህ የምትወጣው።

ግሱን የሚመርጠው የጊዜው ርዝመት ነው። ለቀኑ ዋለ፣ ለምሽቱ አመሸ፣ ለሌሊቱ አደረ እንላለን። ቀናት ሲደራረቡ ሰነበተ፣ ወራት ሲሆኑ ከረመ ይመጣል። ሰነበተ ከሰንበት፣ ከረመ ከክረምት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አከራይህ «ይሰንብቱ»ን ሲሰሙ የገባቸው ለቀናት እንደማትመለስ ነው፤ ደብተር ብቻ ይዘህ ሲያዩህ መደንገጣቸው አይገርምም። ለሥራ ልምምድ መሐል ሜዳ ሄደህ ሁለት ሳምንት የምትቆይ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ቃል በቦታው ነበር። ለክረምት እረፍት ወደ አገርህ ስትሄድ «ደህና ይክረሙ» በላቸው። ስትመለስ «እንኳን ደህና መጣህ፣ እንዴት ከረምክ?» ይሉሃል፤ አንተም «እንኳን ደህና ቆዩኝ፣ እርስዎስ እንዴት ከረሙ?» ትላለህ።

አሁን ወደ «ዋሉ» እንምጣ፤ ጥያቄህ እውነትም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አማርኛ አፉን የፈታ ሰው እንኳ ምክንያቱን ቆም ብሎ አያስበውም። «እርስዎ» በግስ ላይ የራሱ መልክ የለውም፤ የ«እነሱ»ን ይዋሳል። «አንቱ» ብትልም ያው ነው። እነሱ ትናንት ዋሉ እንደምንል፣ እርስዎ ትናንት እንዴት ዋሉ እንላለን። ምኞትና ትእዛዝ ላይ ግን የ«እነሱ» መልክ በ«ይ» ይጀምራል፦ እነሱ ደህና ይዋሉ። ስለዚህ እርስዎም ደህና ይዋሉ። በምኞት ላይ «ይ» የሌለው «ዋሉ» የ«እናንተ» ነው፤ እማማና ልጆቻቸው አንድ ላይ ተቀምጠው ለሁሉም ብትለው ኖሮ ማንም ባላረመህ ነበር። ይህን አንዴ ከያዝክ ሌላውም ይከተላል፦ ለአንድ ሽማግሌ ወንበር ስትሰጥ «ይቀመጡ» እንጂ «ተቀመጡ» አትልም፣ በር ስትከፍትም «ይግቡ» ነው።

አያያዙን በተመለከተ አጥብቄ የምመክርህ አባባልን ከነመልሱ እንድታጠና ነው። ብዙ ተማሪዎች ደብተራቸው ላይ አባባሉን ብቻ ይጽፉና የሚባሉት ነገር ሲመጣ ዝም ይላሉ። ስታስነጥስ «ይማርህ» ያለህን ሰው «ያኑርህ» ትለዋለህ፣ ሴት ከሆነች «ያኑርሽ»። በበዓል «እንኳን አደረሰህ» ላለህ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው «ኖር» ይመስለኛል። ድግስ ወይም ለቅሶ ቤት ስትገባ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ብድግ እያሉ «ኖር!» ይሉሃል። እንግዳው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ጠፍቶት ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ የሚጠበቅበት ግን «በእግዜር» ብሎ፣ ባይሆን በእጁ ምልክት እየሰጠ፣ እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። መልሱ እንደ ቤቱም ይለያያል፦ ደብረ ብርሃን ላይ «እንዴት አደሩ» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሰማህ፣ አልዩ አምባ ወይም ሸዋ ሮቢት ገበያ «አልሐምዱሊላህ» ትሰማለህ። ሁለቱንም ለጆሮህ አስለምዳቸው።

«ቻው» ከጣሊያንኛ ገብቶ የከተማ ልጅ ሁሉ የሚለው ቃል ነው፤ ከክፍል ጓደኞችህ ጋር ምንም ነውር የለውም። ቀን፣ ማታ፣ ሳምንት፣ ክረምት አይለይም፤ አክብሮትም አይጠይቅም። ከውጭ የመጣ ተማሪ እሱን ይዞ ሲቀር የማዝነው ለዚሁ ነው፤ ስሕተት መሥራት ስለሚያቆም የሚያርመው ሰውም አያገኝም። አንተ እየተሳሳትክ «ይሰንብቱ» ማለትህ ይሻላል።